የቆየ ባንጋሎ ስታድሱ፦ ምኑ ይቅር፣ ምኑ ይቀየር?

አሜሪካ ውስጥ ቤት ፍለጋ የወጣ ሐበሻ፣ በተለይ ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ፣ ቺካጎ ወይም ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ አካባቢ ከሆነ፣ ባንጋሎ ሳያይ አይመለስም። ጣራው ዝቅ ያለ ነው። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ርቆ ይወጣል፤ የተሸከሙት እንጨቶች ጫፋቸው ሳይሸፈን ይታያል። ከፊት ሰፊ በረንዳ አለው። የበረንዳው ምሰሶዎች ከታች ወፍረው ወደ ላይ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። በሩን ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ሳሎን ውስጥ ናችሁ። የእሳት ምድጃው ግራና ቀኝ የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። ቀጥሎ የመመገቢያ ክፍል፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ቡፌ ያለው።

አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1905 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በባለጸጎቹ በኩል የግሪን ወንድማማቾች በ1908 ፓሳዴና ላይ የነደፉት ጋምብል ሃውስ አለ። በተራው ሰው በኩል ደግሞ ሲርስ የተባለው የንግድ ኩባንያ ከ1908 እስከ 1940 በካታሎግ የሸጣቸው ቤቶች አሉ። ጣውላው ተቆርጦ በባቡር ይመጣል፤ ገዢው ራሱ ወይም አናጺ ቀጥሮ ይገጣጥመዋል። ምድር ቤቱ ወይም ኮርኒሱ ውስጥ ባሉት ጣውላዎች ላይ የታተመ ፊደልና ቁጥር ካያችሁ፣ ቤታችሁ ከካታሎግ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቺካጎ ብቻ 80,000 ያህል የጡብ ባንጋሎ አላት።

እንግዲህ ቤቱ መቶ ዓመት ሞልቶታል። ገዝታችሁታል ወይም ልትገዙት ነው። አንዱ ወዳጅ «ሁሉንም አፍርሳችሁ አዲስ አድርጉት» ይላል። ሌላው «አንዲት ምስማር እንዳትነኩ» ይላል። የቱን ትሰማላችሁ?

ከሦስቱ መንገዶች የቱ?

አንደኛው መንገድ ቤቱን ወደ 1915 መመለስ ነው። ያምራል። ግን ወጪው አይቀመስም፤ የቆየ የበር እጀታና አምፖል ሲፈለግም ዓመታት ያልፋሉ። ደግሞም በ1915 ወጥ ቤት ውስጥ የዶሮ ወጥ ለመሥራት ሞክሩና ንገሩኝ።

ሁለተኛው ውስጡን አራቁቶ አዲስ ቤት ማድረግ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ወለል፣ ሁሉም ክፍል አንድ ላይ የተከፈተ። ቤት ገዝተው አድሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለመሸጥ ይፈጥናል። ነገር ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አዲስ ቤት በተሻለ ዋጋ የሚሰጣችሁን ነገር፣ ከበቂ በላይ ከፍላችሁ በጠባብ ቤት ውስጥ መሥራት ነው።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፦ ከፊት የቆየውን መጠበቅ፣ ከኋላ እንደልብ ማዘመን። ምክንያቱ ከቤቱ ታሪክ ይመጣል። ያኔ የሠሩት ሰዎች ጥሩውን እንጨትና ጥበቡን ያፈሰሱት ሳሎን፣ መመገቢያ ክፍልና በረንዳ ላይ ነው። ወጥ ቤቱና መታጠቢያው ጠባብ የሥራ ክፍሎች ነበሩ፤ ነጭ ቀለም፣ ነጭ ሴራሚክ፣ በቃ። ስለዚህ ወጥ ቤቱን ብታዘምኑ የምታጠፉት ብዙ ቅርስ የለም። የሳሎኑን ቡፌ ነቅላችሁ ከጣላችሁ ግን፣ ያንን ዓይነት እንጨት ዛሬ በገንዘብም ማግኘት ከባድ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በኋላ ሐሳቤን ብቀይር ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ቀለም ይመለሳል፣ እንጨት ላይ ካልሆነ። የፈረሰ ልስን አይመለስም።

መጀመሪያ የማይታየው

ስለ ቀለምና መጋረጃ ማውራት ደስ ይላል። ነገር ግን ገንዘቡ ቀድሞ መግባት ያለበት ማንም እንግዳ የማያደንቀው ቦታ ነው።

ሽቦ። በእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ በሸክላ ማያያዣ ላይ የተዘረጋ፣ የመሬት መስመር (ግራውንድ) የሌለው የድሮ ሽቦ ሊኖር ይችላል። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ይሠራበት ነበር። ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሽቦው ሙቀቱን ለአየር እያስረከበ እንዲሠራ የተነደፈ ስለሆነ በኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ በሚሞላው) መቅበር አደገኛ ነው። ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ ኢንሱሌሽን ከማስነፋታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። ቅደም ተከተሉን ያሳተ ሰው ሁለቴ ይከፍላል።

ቧንቧ። የድሮው የብረት ቧንቧ ከውስጥ ይዝጋል፣ ውሃው እየቀጠነ ይሄዳል። ቧንቧውን ሳትቀይሩ ውድ ሻወር መግጠም ትርጉም የለውም።

መሠረት። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ካላችሁ፣ ብዙዎቹ ባንጋሎዎች በመሠረቱ ላይ ተቀምጠዋል እንጂ በብሎን አልታሰሩም። የምድር መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቤቱ ከመሠረቱ ይንሸራተታል። ማሰሩ ከወጥ ቤት እድሳት እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። ካሊፎርኒያ ለዚህ ሥራ ብቁ ለሆኑ ቤቶች እስከ 3,000 ዶላር የሚሰጥ ፕሮግራም አላት።

ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለው ቀለም። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 ነው። ስለዚህ በባንጋሎ ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት። አቧራው ለትንንሽ ልጆች አእምሮ ጠንቅ ነው። ከ2010 ጀምሮ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ቀለም የሚነካ ኮንትራክተር የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። በርካሽ የሚሠራላችሁ የሰፈር ልጅ በደረቁ ፈግፍጎ አቧራውን ቤቱን ሁሉ ካለበሰው፣ ርካሽነቱ እዚያው ያልቃል።

መስኮት፦ መጠገን ወይስ ቪኒል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሻጮቹ በር እያንኳኩ የሚመጡትም ለዚሁ ነው።

የባንጋሎ መስኮት ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። የላይኛው ክፍል በሦስት፣ በአራት ወይም በስድስት ትንንሽ መስታወት የተከፋፈለ ነው፤ የታችኛው አንድ ወጥ መስታወት። በግድግዳው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ የብረት ሚዛን አለ። መስኮቱ በአንድ ጣት የሚከፈተው በእርሱ ነው። እንጨቱ ከድሮ ጫካ የተቆረጠ፣ በዝግታ ያደገ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ገመዱ ተበጥሷል። በቀለም ላይ ቀለም ተለብጦ ተጣብቋል። መስታወቱን የያዘው ማስቲሽ ተሰነጣጥቋል። በዳርና ዳር ንፋስ ይገባል። እነዚህ ሁሉ የሚጠገኑ ናቸው። ገመድ ርካሽ ነው። የተጠገነ የእንጨት መስኮት ከውጭ ተጨማሪ የመስታወት መከላከያ ሲገጠምለት፣ ሙቀት በመያዝ ከአዲስ ድርብ መስታወት ጋር ተቀራራቢ ይሆናል። የጎዳና ድምፅም ያፍናል።

ቪኒል፣ ማለትም የፕላስቲክ መስኮት፣ ጥቅም የለውም አልልም። ቀለም አይፈልግም። በቀን ይገጠማል። ነገር ግን አይጠገንም። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው እሽግ ሲለቅ ውስጡ ጉም ይይዛል፤ ያኔ ሙሉ ክፍሉን መቀየር ነው። ፍሬሙ ወፍራም ስለሆነ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል። በመስታወቱ ውስጥ የተቀበረው የውሸት መስቀለኛ ክፍፍል ደግሞ ከመንገድ ሲታይ ያስታውቃል።

የእኔ ፍርድ፦ ከመንገድ የሚታዩትን መጠገን፣ የበሰበሰውን ብቻ መቀየር፣ በሚቀየረውም ቦታ በእንጨት ማሠራት። ከኋላ፣ በወጥ ቤትና በመታጠቢያ በኩል አዲስ ብታስገቡ አልቆጣም። መታጠቢያ ውስጥ የሻወር ውሃ የሚረጭበት የእንጨት መስኮት ለማንም አይጠቅም። አንድ ማሳሰቢያ፦ የሊድ አቧራ በብዛት የሚፈጠረው መስኮት ሲንሸራተት ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ የመስኮቱ ጥገና የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

ግድግዳ

በአጭሩ፦ ልስኑን አታፍርሱ። ከእንጨት ርብራብ ላይ የተለሰነው ግድግዳ ከጂፕሰም ቦርድ ይበልጥ ድምፅ ያፍናል፣ ጠንካራም ነው። ስንጥቅ ማለት ወደቀ ማለት አይደለም። ከርብራቡ የለቀቀውን ቦታ በብሎንና በሰፊ ዋሸር መልሶ መሳብ ይቻላል፤ ከላዩ መረብ ተደርጎ በስቱኮ ይሸፈናል።

ጂፕሰም ቦርዱን በልስኑ ላይ ልግጠመው የሚል ሠራተኛ ይመጣል። እሺ አትበሉት። ግድግዳው ወደ ፊት ስለሚመጣ በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለውን የእንጨት ጌጥ ይውጠዋል። ሽቦና ቧንቧ ለመቀየር የግድ የሚከፈት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ብቻ ቦርድ ግጠሙ።

የተቀባ እንጨት፦ ይላጥ ወይስ ይቅር?

አንዳንዱ ቤት ዕድለኛ ነው። ማንም አልቀባውም። በሩ፣ የመስኮቱ ዙሪያ፣ ቡፌው ሁሉ እንደ ማር ቀልቷል። ይህ ካጋጠማችሁ እባካችሁ ነጭ አትቀቡት። «ክፍሉ ጨለመብኝ» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ የበረንዳው ጣራ ብርሃኑን ይከለክላል። መፍትሔው ግን ግድግዳውንና ኮርኒሱን ማንጣት፣ መብራት መጨመር ነው። እነዚያ ይመለሳሉ። ከእንጨት ላይ ቀለም ማንሳት ግን የክረምት ቅዳሜና እሁዶችን ሁሉ የሚበላ ሥራ ነው።

አብዛኛው ቤት ግን ተቀብቷል። ለመላጥ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ።

መጀመሪያ፣ ሁሉም እንጨት ሳይቀባ የነበረ አይደለም። ሳሎኑና መመገቢያው በተፈጥሮ ቀለሙ ይተው ነበር። መኝታ ክፍሎቹ፣ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው ግን በብዛት ከመጀመሪያው ነጭ ወይም ክሬም ተቀብተዋል። የመኝታ ክፍል እንጨት ላይ መልፋት ትርፍ ድካም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ፈትኑ። ከበር ጀርባ፣ ዓይን በማይገባበት ቦታ፣ የእጅ መዳፍ የማታህል ቦታ ላይ ቀለሙን አስለቅቁ። ከሥሩ ወርቃማ ሽፋን ከወጣ ሼላክ የሚባለው የድሮ የእንጨት መቀቢያ ነው፤ ቀለሙ በላዩ ላይ ስለተቀመጠ በደህና ይለቅቃል። በአልኮል የተነከረ ጥጥ ሲነካው የሚሟሟ ከሆነ ሼላክ መሆኑ ተረጋገጠ። ነጩ ቀለም በእንጨቱ ደም ሥር ውስጥ ሰርጎ ከገባ ግን፣ እንጨቱ ከመጀመሪያውም የተቀባ ነው። ያንን መቼም ንጹሕ አድርጋችሁ አታወጡትም። ጥሩ ቀለም ቀብታችሁ እለፉ።

ለመላጥ ከወሰናችሁ፣ የኢንፍራሬድ ማሞቂያና መፋቂያ ከሁሉም ይሻላል። ቀለሙን ያለሰልሳል እንጂ እንደ ኃይለኛ የሙቀት ሽጉጥ ሊዱን ወደ ጭስ አይቀይረውም። የኬሚካል ማስለቀቂያ ለጠማማና ለተቀረጹ ቦታዎች ጥሩ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። በማሽን በደረቁ መፈግፈግ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ጊዜና ገንዘብ ካነሰ መመገቢያ ክፍሉን ብቻ ላጡ። አንድ ክፍል በሚገባ የተሠራ፣ አራት ክፍል ከተጀመረና ከተተወ ይሻላል።

ወለል

ምንጣፉን ከማዕዘን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ከሥሩ ኦክ አለ፤ በመኝታ ክፍሎቹ ደግሞ ፈር የሚባለው ለስላሳ እንጨት ሊሆን ይችላል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ውፍረቱ ነው። በተለይ በምዕራቡ ዳርቻ በ1920ዎቹ የገባው ኦክ አንድ ሦስተኛ ኢንች እንኳ አይሞላም፤ ከላይ በምስማር ተመትቷል። ይህን በትልቅ ማሽን ደጋግሞ መፋቅ አይቻልም፤ የምስማሩ ራስ ይወጣል። የማሞቂያውን መተንፈሻ ሽፋን አንሱና ከጎን ውፍረቱን ለኩ። ቀጭን ከሆነ፣ የላይኛውን ሽፋን ብቻ በስሱ አሻሽቶ አዲስ መቀባት ይበቃል።

በላዩ ላይ ቪኒል ማንጠፍ ርካሽ ነው፣ ውሃም አይፈራም። ነገር ግን ወለሉ ከፍ ይላል፣ በሮች ይቆረጣሉ፣ የግድግዳው ግርጌ እንጨት ይዋጣል። ወጥ ቤት ውስጥ ይሁን። ሳሎን ውስጥ አይ።

የመቀቢያውን ዓይነት ስትመርጡ ኑሯችሁን አስቡ። ፖሊዩሪታን ጠንካራ ነው፤ አንድ ቦታ ሲጎዳ ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉ ክፍሉን መቀባት ይጠይቃል። ሰም ያለው ዘይት ቶሎ ይጫራል፤ በምትኩ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ማደስ ይቻላል። ቤት ውስጥ ዕጣን የሚጨስ ከሆነና አንዲት ፍም አንድ ቀን መውደቋ የማይቀር ከሆነ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ

«ግድግዳውን አንሱትና ክፍት ይሁን» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሦስት አማራጭ አለ፦ ሙሉ በሙሉ መክፈት፣ በሩን ማስፋት፣ ወይም እንዳለ መተው።

ሙሉ በሙሉ ስትከፍቱ ብርሃን ይገባል፣ ልጆችን እያያችሁ ታበስላላችሁ። እውነት ነው። ግን ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ በባንጋሎ መሃል የሚያልፈው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱን የተሸከመ ነው። መሐንዲስ ሳያየው አይነካም። ሁለተኛ፣ ያ የምታደንቁት ቡፌ በአብዛኛው የተሠራው በመመገቢያውና በወጥ ቤቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ሲሄድ ቡፌውም ይሄዳል።

ሦስተኛው ቁሌት ነው። የአሜሪካ መጽሔቶች የሚያሳዩት ክፍት ወጥ ቤት ሰላጣ የሚሠራበት ነው። ሽንኩርት ሰዓት ሙሉ የሚቁላላበት፣ በርበሬ የሚጠበስበት ወጥ ቤት በር ይፈልጋል። አለበለዚያ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ የልጆቹ ካፖርት ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸታል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው። ቡፌው የሌለበትን በኩል በሩን አስፍቶ፣ ዙሪያውን ከቤቱ ጋር በሚመሳሰል እንጨት ማስዋብ። የሚንሸራተት በር ብትጨምሩበት ደግሞ ዶሮ የሚሠራ ቀን ይዘጋል፣ ሌላ ጊዜ ይከፈታል።

የጭስ መሳቢያው ወደ ውጭ የሚያስወጣ ይሁን። አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ ወደ ክፍሉ የሚመልሰው ዓይነት ለእኛ ምግብ አይሆንም። ከ400 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ፊት አየር) በላይ የሚስብ ሲሆን በብዙ ቦታ የሚወጣውን አየር የሚተካ መግቢያ ይጠየቃል፤ ኮንትራክተሩን ቀድማችሁ ጠይቁት። ለእንጀራ ምጣዱም የራሱ መስመር አስዘርጉለት። ባለ 120 ቮልት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ የ15 አምፒር መስመር ጠቅላላ አቅሙ 1,800 ዋት ነው። ማይክሮዌቭ አብሮት ሲነሳ መብራቱ ድርግም ይላል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል።

ለመልክ ስትመርጡ ነጭ የተቀቡ የእንጨት ቁም ሳጥኖችና 3 በ6 ኢንች የሆነው ነጭ ሴራሚክ ከዘመኑ ጋር ይሄዳሉ። ዋጋቸውም አይጎዳም። ለወለል ሊኖሊየምን አትናቁ። ቪኒል አይደለም፤ ከተልባ ዘይት፣ ከእንጨት ዱቄትና ከቡሽ የሚሠራ ነው። ያኔም ይነጠፍ የነበረው እርሱ ነው፣ ዛሬም ይሸጣል። ቆሞ ለሚያበስል ሰው እግር ከሴራሚክ ይለሰልሳል። ግን ውሃ ተኝቶበት አይደር።

ቦታ ሲጠብ

ባንጋሎ ትንሽ ነው። ሁለት ልጅ ሲደመር፣ ከአገር ቤት እናት ሲመጡ፣ አንድ መኝታ መጉደሉ አይቀርም።

ሁለተኛ ፎቅ መጫን ከሁሉም የከፋ ምርጫ ይመስለኛል። ዝቅ ያለው ጣራ ነው ቤቱን ባንጋሎ ያደረገው። በዚያ ላይ መሠረቱ ሁለት ፎቅ ለመሸከም አልተሠራም። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ከፍታው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከኋላ በኩል ብቻ ጣራውን ከፍ አድርጎ መስኮት ማውጣት ይቻላል፤ ቺካጎ ውስጥ ለዓመታት ሲደረግ የኖረ ነው። ከመንገድ ምንም አይታይም። ምድር ቤትን መኝታ ማድረግም አለ። መጀመሪያ ውሃ የሚገባ መሆን አለመሆኑን አንድ የዝናብ ወቅት ጠብቁና እዩ። መኝታ ከሆነ ደግሞ በአደጋ ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ግዴታ ነው።

ወደ ኋላ ማስረዘም አዲስ መሠረት ስለሚፈልግ ይወደዳል። ግን ለሐበሻ ቤተሰብ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። መኝታውና መታጠቢያው መሬት ላይ ይሆናል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ደረጃ አይወጡም። በር ስታሠሩ ሰፋ አስደርጉት።

በረንዳ

አትዝጉት። ብዙ ሰው በመስታወት ዘግቶ ክፍል ያደርገዋል። ውጤቱ በክረምት የሚበርድ፣ በበጋ የሚያፍን ክፍልና የጨለመ ሳሎን ነው። ትንኝ ካስቸገረ መረብ ግጠሙ፤ በኋላ ይነቀላል።

ለነገሩ በረንዳ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የባንጋሎ ዘር ከቤንጋል ነው የሚመዘዘው። ፒያሳ አካባቢ የተሠሩት ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤቶችም ላይ የሕንድ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ቡና ለማፍላትም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ በረንዳ ላይ ግን በርና መስኮቱ ከተዘጋ አብዛኛውን አየሩ ይወስደዋል። ወለሉ እንጨት ከሆነ ከምድጃው ሥር ድንጋይ ወይም ሸክላ አድርጉ።

ማስዋብ፦ ሙዚየም፣ ሆቴል ወይስ ቤት?

ቀለም ላይ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ ነጭና ግራጫ። ሌላው የዘመኑ ቀለም፦ የወይራ አረንጓዴ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ ቡናማ፣ የጡብ ቀይ። ግራጫ ከቀይ እንጨት ጋር ይጣላል፤ እንጨቱን የታመመ ያስመስለዋል። ነጭ ካማራችሁ ወደ ክሬም የሚያደላውን ውሰዱ። ሸርዊን ዊሊያምስ ከዘመኑ የተወሰዱ ቀለሞችን ለብቻ ሰብስቦ ይሸጣል፤ ሮይክሮፍት የሚል ስም ያላቸውን ፈልጉ። ከግድግዳው በላይኛው ክፍል የሚዞር እንጨት ካለ፣ ከእርሱ በታች ጠቆር ያለውን፣ ከላይ እስከ ኮርኒሱ ፈካ ያለውን ቀቡ። ክፍሉ ሳይጨልም ሙቀት ያገኛል።

የእሳት ምድጃው ፊት ላይ ቡናማ፣ የማያብለጨልጭ፣ ትንሽ ሸካራ ሸክላ ካለ ነጭ ቀለም ከመንካቱ በፊት ሰው አሳዩ። ኧርነስት ባቸልደር የተባለ ሸክላ ሠሪ ከ1910 ገደማ ጀምሮ መጀመሪያ ፓሳዴና፣ በኋላም ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሠራቸው ሸክላዎች በብዙ ቤቶች አሉ፤ ዋጋ አላቸው። ጭስ ማውጫውን ሳታስመረምሩም እሳት አታንድዱ።

የቤት ዕቃ ላይ በዘመኑ ስልት የተሠራ የኦክ ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ከደረደራችሁ ሙዚየም ይሆናል። አንድ ሁለት ይበቃሉ። ትልቁ ጠላት ግን ያ ሐበሻ ቤት ሁሉ የሚገኘው ግዙፍ ኤል ቅርጽ የቆዳ ሶፋ ነው። የባንጋሎ ሳሎን አይችለውም፤ ምድጃውንም መደርደሪያውንም ይከልላል። ሁለት አነስ ያሉ ሶፋዎች ፊት ለፊት ይሻላሉ። ለእንግዳ ብዛት የጅማ በርጩማ አለ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ በእጅ የተሠራ፣ ሲያልቅ ማዕዘን ውስጥ የሚቀመጥ። ይህ ቤት የተወለደው ፋብሪካ የሚያመርተው ኮተት ሰልችቷቸው ወደ እጅ ሥራ ከዞሩ ሰዎች ሐሳብ ስለሆነ፣ ከአገራችን የእጅ ሥራ ጋር ይስማማል።

መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ በግድግዳው ላይ የሚዞር ጠባብ መደርደሪያ ካለ የተሠራው ሳህን ለማሳየት ነው። ሰፌድ፣ ጀበና፣ ትንሽ ሙዳይ በዚያ ላይ ያምራሉ። አታብዙት። መጋረጃውም እንዲሁ። ባለ ሁለት ድርብ ወርቅማ መጋረጃ ያን ሁሉ የደከማችሁበትን መስኮት ይቀብረዋል። ጥለት ያለው የሸማ ጨርቅ፣ ጥለቱ ከታች ሆኖ ሲሰቀል፣ ያኔ ይጠቀሙበት የነበረውን ዳሩ የተጠለፈ ተልባ እግር መጋረጃ ቦታ በሚገባ ይይዛል። ብርሃኑንም አይከለክልም።

ኮርኒሱን በየቦታው በትንንሽ ክብ መብራት አትበሳሱት። ከመሃል አንድ የሚንጠለጠል፣ ከግድግዳ ሁለት፣ ከዚያ የጠረጴዛ መብራት። አምፖሉ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ፣ 2,700 ኬልቪን የሚል ይሁን። ነጩ አምፖል እንጨቱን የሆስፒታል ኮሪደር ያስመስለዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቤታችሁ ቅርስ በሚጠበቅበት ሰፈር ውስጥ ከሆነ፣ መስኮትና በረንዳ ለመንካት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ታኮማ ፓርክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰፈር አለ። ፓሳዴና ውስጥም ባንጋሎ ሄቨን የሚባለው ከ1989 ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ጥቅምም አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ ባለው ሚልስ አክት በተባለ ሕግ፣ ከተማው ከተቀበለውና ቤታችሁ ብቁ ከሆነ፣ ለመጠበቅ ውል ስትገቡ የንብረት ግብራችሁ ይቀንሳል።

ኮንትራክተር ስትመርጡ ከሦስት ሰው ዋጋ ውሰዱ፤ ከዋጋው በፊት ግን ጥያቄ ጠይቁ። የሊድ የምስክር ወረቀትህን አሳየኝ በሉት። ልስን የሚጠግን ሰው አለህ ወይ? የመስኮት ገመድ ቀይረህ ታውቃለህ? የሚነቀለው በርና እጀታ የት ይቀመጣል? የነቀለውን ሁሉ ምድር ቤት እንዲያስቀምጥ በውሉ ላይ ይጻፍ። «ሁሉንም አፍርሰን ብንጀምር ይቀላል» ካላችሁ፣ የሚቀለው ለእርሱ ነው። አመስግናችሁ ሸኙትና ለሚቀጥለው ደውሉ።